ከጀፎረው አልነሳ ያለው አውሮፕላን

ዓርብ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017፣ ወልቂጤ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ባለቤቴ መሰለች ናት። አስተማሪ ስለሆነች ደብተር አይቸግራትም። «ማታ ማታ ስለ አውሮፕላንህ የምታወራልኝን ሁሉ እዚህ ላይ ጻፈው፤ ጆሮዬ ትንሽ ይረፍ» አለችኝ። ከተጋባን ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው፣ እንዲህ ከልቧ ስጦታ ስትሰጠኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

እሺ፣ እንጽፋለን። ስሜ ፈቃደ ነው። ወፍጮ እጠግናለሁ፣ ብረት እበይዳለሁ። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ እኔ ያልነካሁት ወፍጮ ካለ ገና ያልተበላሸ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ደግሞ ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት አውሮፕላን ስሠራ ቆይቻለሁ። አንድ ሰው ብቻ ይይዛል። ክንፉ ሸራ ነው፣ አካሉ ቱቦላሬ። ሞተሩ ከድሮ የጃፓን የስፖርት መኪና የወጣ ሮታሪ ነው፤ ፒስተን የሚባል ነገር የለውም፣ ሆዱ ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት እየተሽከረከረ ነው የሚሠራው። ሁለት ሰው ይሸከመዋል፣ ጉልበቱ ግን የጉድ ነው። ፍጥነቱ ለፕሮፔለር ስለሚበዛ በወፍጮ ቺንጋና ቺንጋው በሚዞርባቸው ሁለት ፑሌጃዎች ቀነስኩት።

ዛሬ ፕሮፔለሩ ተገጠመ! የሠራው ሰይዶ ነው፣ አናጢው የልጅነት ጓደኛዬ። አራት ወር ሙሉ ዋንዛ ሲልግና ሲያለሰልስ ከርሟል። አንዱ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሌላው ጎበጥ ያለ። ጎበጥ ያለውን በቫርኒሽ ከማሳመሩ የተነሳ እያየህበት ጢምህን ልትላጭ ትችላለህ። ሰይዶ ለጁምዓ ሄዶ ነበር፤ መጠበቅ አቃተኝና ራሴው ገጠምኩት። አባቴ በር ሲያስገጥም የተላገውን ቆንጆ ፊት ሁልጊዜ ወደ ቤት ውስጥ ነበር የሚያዞረው። «ውበቱን ማየት ያለበት የቤቱ ሰው እንጂ መንገደኛ አይደለም» ይል ነበር። እኔም እንደ አባቴ አደረግሁ። የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ራሴ፣ ጠፍጣፋውን ወደ መንገደኛ። መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ሳየው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰይዶ ከስግደት ሲመለስ ከፕሮፔለሩ ፊት ቆሞ ብዙ አየው። አፉን ከፈተ። ከዚያ ምንም ሳይል ጎንበስ ብሎ ሞተሩ የተቀመጠበትን ብረት በእጁ ነቀነቀው፤ ከአንግል ብረት የበየድኩትን፣ ከሥሩ የከባድ መኪና ጎማ ቆርጬ ያነጠፍኩበትን።

«ፈቄ፣ ይሄ ሞተሩን ከታች ይዞታል። ወደ ፊት ሲጎትትስ ማነው የሚይዘው?»

«እንደዚህ ያለ መቀመጫ እኮ ጉብሬ ከተማ ያለውን ወፍጮ አሥራ አምስት ዓመት ተሸክሟል!»

«ወፍጮ የትም አይሄድም» አለኝ።

አናጢ ብየዳ ሲያስተምረኝ! ሳቅሁበት። ትንሽ ቆይቶ እሱም ሳቀ። ፕሮፔለሩስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ወላሂ ሲያምር! በቃ እንዲሁ ይሁን፣ ምንም እንዳትነካው» አለኝ። በሥራው እንዲህ ሲኮራ አይቼው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ጀፎረው ተፈቀደልን። ጀፎረ ማለት በአባቴ መንደር በቤቶቹ መካከል የተዘረጋው ሰፊ ሣር ነው። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የፈረስ ጉግሱም እዚያው ነው፤ ማንም አያጥረውም፣ ማንም አያርሰውም። ከዚያ የተሻለ ማኮብኮቢያ ጂማ መንገድ ላይ እንኳ የለም።

የመንደሩ ሽማግሌ ጋሼ ደምሴ በጣም አሰቡበት። «በክረምት ሠርግ የለም፣ ፈረስ የለም። እስከ መስከረም 10 ተጠቀም። ከዚያ በኋላ ለመስቀል አገር ሁሉ ስለሚገባ መኪናህን ይዘህ ትሄዳለህ። ዳግመኛም አንፈቅድም» አሉኝ። አውሮፕላን ነው አልኳቸው። «ሲነሳ አውሮፕላን እንለዋለን» አሉ።

እንግዲህ አሥር ሳምንት አለኝ። በአሥር ሳምንት ካልተነሳሁ ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነገር የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ይቀራል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

አልተነሳም።

ማታ። አሁን በደንብ ልጻፈው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሞተሩ በመጀመሪያው ምት ተነሳ፣ ድምፁ መንደሩን ሞላው። ነዳጁን እስከ ጫፍ ሰጠሁት። ጀፎረውን ከዳር እስከ ዳር ሮጥኩ። መንኮራኩሩ ከሣሩ አንድ ጣት አልተለየም። መሃል ላይ ጥጃ ቀደመኝ። ጥጃው ደግሞ አልተጣደፈም።

ጋሼ ደምሴ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። «ልጄ፣ ጥሩ መኪና ነው እኮ። ምነው ክንፍ አወጣህለት?» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለመሰለች አልተነሳም ስላት «ተመስገን!» አለች። ዞሬ ሳያት «በሰላም ስለተመለስክ ማለቴ ነው» አለችና ወጥ ልታማስል ሄደች።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስተናጋጁ እጄን ጨብጦ «ወንድም ፈቃደ፣ ዛሬ በእግር ነው የመጣኸው?» አለኝ። ከኋላው ያሉት ሁሉ ሳቁ። ጌታ ይባርካቸው፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

የአውሮፕላኑን ጭራ ጀፎረው ዳር ካለው ዝግባ ጋር በገመድ አሰርኩና መሃል ላይ የእህል ነጋዴ ሚዛን አንጠለጠልኩ፤ ሲጎትት ስንት ኪሎ እንደሚጎትት ለማወቅ። ስልሳ ሁለት! እኔ ያሰላሁት መቶ አርባ ነው። ከግማሽ በላይ ጉልበቱ የት ገባ?

የጠረጠርኳቸው፦ አየሩ፣ አገራችን ከፍታ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው። ቺንጋው፣ ይንሸራተት ይሆናል። ቤንዚኑ፣ ማን ያምነዋል። እና ፕሮፔለሩ። የሞተሩን መቀመጫ አልጠረጠርኩም፤ እሱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሰይዶ አጠገቤ ቆሞ ሚዛኑን አየ። «ስልሳ ሁለት መጥፎ አይደለም» አለ። ደግሞ መለሰና «ፈቄ፣ መቀመጫውን ግን...» ሲል ገና ሳይጨርስ ስለ ጉብሬው ወፍጮ ነገርኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ፑሌጃ ቀየርኩ። ቺንጋ አጠበቅሁ። ቤንዚን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ስልሳ ስድስት ኪሎ። አልተነሳም። ወልቂጤ መናኸሪያ ጋ የባጃጅ ልጆች «ፓይለት! ዛሬ ስንት ሰዓት ነው በረራ?» እያሉ ይጮሁብኛል። አንዱማ ጎን ለጎን እየነዳ «እንወዳደር?» አለኝ። የሚያሳዝነው፣ ያሸንፈኛል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ሌላውን ሁሉ ቀይሬያለሁ። የቀረው ፕሮፔለሩ ነው። ሰይዶ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ደንበኞች ነበሩ፣ አንዷ ለልጇ አልጋ የምታሠራ። በእነሱ ፊት «የሠራህልኝ ማራገቢያ ነው እንጂ ፕሮፔለር አይደለም! አንተ የበርና የአልጋ ሰው ነህ፣ ድሮም መስጠት አልነበረብኝም» አልኩት።

መላጊያውን አስቀመጠ። «እንደዛ ካልክ እንደዛ ነው» አለና ሥራውን ቀጠለ። አልጋ የምታሠራዋ ሴት ዋጋ ልትጠይቅ የነበረውን ትታ ወጣች።

በሰው ፊት ማለት አልነበረብኝም። ግን እውነት ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ ምን ላድርግ?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

ሰይዶ አይመጣም። ሻይ ቤት ብቻዬን ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ ለምዶባት ሁለት ሻይ አመጣች። ሁለቱንም ጠጣሁ። መሰለች «እሱን ትተህ አውሮፕላኑን ብታኮርፍ ምን አለበት?» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

መሰለች ሄዳ ለጋሼ ደምሴ ነግራብኛለች። «ተኳርፎ መስቀል የሚደርስ ሰው በዚህ መንደር የለም» ብለው ዛሬ ሁለታችንንም ዝግባው ሥር አስቀመጡን። አራት ሽማግሌ፣ ጉዳዩ ፕሮፔለር።

እኔ አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ስለ ጠመዝማዛው፣ ስለ ስፋቱ፣ ስለ ሚዛኑ። ሥዕል ሥዬ ነበር የመጣሁት። ጋሼ ደምሴ ሥዕሉን ገልብጠው ያዙና «ፕሮፔለር ያልከው ያ የሚዞረው ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። «ይዞራል?» አዎ። «እና ምን አጠፋ?» እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ከዚያ ሰይዶ ተጠየቀ። እኔ ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ሞተር መቀመጫ እንደሚያነሳ አውቄ መልሱን በቃሌ አጥንቼዋለሁ። እሱ ግን ተነሳና «ጥፋቱ የኔ ነው። በደንብ አልሠራሁትም። ፈቃደ ይቅር ይበለኝ» አለ። በቃ። ያ ብቻ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ደነገጡ። ጋሼ ደምሴ «በእውነት ነው? ማልልን» አሉት። «አምኛለሁ እኮ፣ መሐላው ለምን ያስፈልጋል?» አለ። ገበያ ሄዶ ስለ ሽንኩርት እንኳ ወላሂ የሚል ሰው ዛሬ አንዴም አላለም። አፍሮ ይሆናል።

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ስንመለስ «ሌላ ልሥራልህ?» አለኝ። ስንት ጊዜ ይፈጃል አልኩት። «አራት ወር» አለ ረጋ ብሎ። መስከረም 10 የሚባል ቀን እንዳለ የረሳ ይመስላል!

እንግዲህ ረትቻለሁ። ታዲያ እራቴ ለምን አልወርድ አለኝ?

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ሰይዶ ትናንት አንገቱን ደፍቶ የቆመው ትዝ እያለኝ ስብከቱን አልሰማሁም። ሰባኪው ስለ ምን እንዳስተማረ መሰለች ስትጠይቀኝ «ስለ ይቅርታ» አልኳት። ስለ አሥራት ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ክብደት መቀነስ አለብኝ። የፕላስቲክ ወንበሩን አውጥቼ ትራስ አነጠፍኩ። እኔም አሥር ቀን ሾርባ ብቻ በላሁ። መሰለች «አንተ ከሳህ፣ አውሮፕላኑ ግን ያው ነው» ትላለች።

ዛሬ ሞከርኩ። ሣሩ ርጥብ ነው። ጀፎረው መሃል ላይ ካለችው ጉብታ ስደርስ መንኮራኩሩ ነጠረ፤ አንድ ስንዝር አየር ላይ ነበርኩ! እንጃ፣ ምናልባት ግማሽ ስንዝር። ወዲያው ተመልሼ ዷ አልኩ።

ሰይዶ ጀፎረው ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ስነጥር ሲያይ ጮኸና ወደ እኔ ሮጠ። ደስ ብሎት ነው ብዬ እጄን አወዛወዝኩለት። ሲደርስ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። ብረቱን በሁለት እጁ ዳሰሰ፣ ብየዳውን በጥፍሩ ጫረ። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ውሃ ስጡኝ» አለ።

ደካክሟል። ሾርባ የበላሁት እኔ፣ የደከመው እሱ።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3፣ ቡታጅራ ደርሼ መጥቼ

ሰይዶ አራት ወር ካለኝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብዬ ጠዋት በሚኒባስ ቡታጅራ ሄድኩ። ጋሼ ገብረእግዚአብሔር የሚባሉ ጡረተኛ የአውሮፕላን ሜካኒክ አሉ፤ አሁን የውሃ ፓምፕ ይጠግናሉ። ለሰይዶ ሳልነግር ነው የሄድኩት። ለመሰለችም «ወፍጮ ተበላሽቶ ነው» አልኳት።

ስልኬ ላይ ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። አዩ። መነጽራቸውን አወለቁና ይስቁ ጀመር። ሳቃቸው አልቆም ብሎ እንባቸውን በጋዋናቸው ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይሄን አዙሮ ያሰረው ማነው?»

«ምኑን?»

«ፕሮፔለሩን! ጎበጥ ያለው ፊት ወደ ፊት ነው የሚያየው፣ ጠፍጣፋው ወደ አንተ። እዚህ ላይ ተገልብጦ የኋላ ጠርዙ አየሩን ይቀድማል። ይጎትታል፣ ግን ግማሽ ጉልበቱን በከንቱ እያባከነ። ሥራውማ ሲያዩት... ይሄን የጠረበ ሰው እጁ ይባረክ። እንከን የለውም።»

ከዚያ ፎቶውን በጣታቸው አሰፉት፣ ሞተሩ የተቀመጠበት ብረት ላይ ደረሱ። ሳቃቸው ቆመ።

«ልጆች አሉህ?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«ይሄ የወፍጮ መቀመጫ ነው። ወፍጮ ወደ ታች ይከብዳል፣ አውሮፕላን ግን ሞተሩ ወደ ፊት ይጎትተዋል። ከኋላ ምንም የያዘው ነገር የለም። ፕሮፔለሩ በትክክል ታስሮ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ጉልበቱን ሲያገኝ ብየዳው ይነቀል ነበር። አየር ላይ ሳለህ። ያዞረው ሰው ሳያውቅ አትርፎሃል። ማነው?»

«ሠራተኛዬ ነው» አልኩ።

ሠራተኛ የለኝም።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሙሉውን መንገድ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። አንድ ሰው አራት ወር ሙሉ በእጁ ያለሰለሰውን እንጨት ፊትና ኋላ ሳይለይ ይቀራል? ያን ዓርብ ቀን ሰይዶ ፊት ለፊት ቆሞ አፉን ከፍቶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ማንንም ሳልጠራ ሄድኩ። ስድስት ብሎን ፈታሁ፣ ፕሮፔለሩን አዞርኩ፣ አጠበቅሁ። ጭራውን ከዝግባው ጋር አሰርኩ፣ ሚዛኑን አንጠለጠልኩ። ራሴ አልተሳፈርኩም፤ ከጎን ቆሜ ነው ነዳጅ የሰጠሁት።

ስልሳ። ዘጠና። መቶ ሃያ። ይነሳል እኮ! መቶ ሃምሳ ሲደርስ ጠረቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመቀመጫው የኋላ ሁለት እግር ከነብየዳው ተነቀለ፣ ሞተሩ በአፍንጫው ወደ ፊት ተደፋ፣ ቺንጋው በጆሮዬ አጠገብ ፉጨት እያሰማ አለፈ። ቁልፉን እንዴት እንዳጠፋሁት አላውቅም። ፕሮፔለሩ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የተነቀለውን ብረት አንስቼ አየሁት። የኔ ብየዳ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ወፍጮ ይሸከማል፤ እኔን አንድ ደቂቃ አይሸከምም ነበር።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 5

ሰይዶ ሱቅ ገባሁ። ብቻውን ነበር። የተነቀለውን ብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አየው፣ ከዚያ እኔን ከራስ እስከ እግር አየኝ።

«አልተሳፈርክም?» አለ።

«አልተሳፈርኩም።»

«አልሃምዱሊላህ» አለና ቁጭ አለ።

«ዞሮ እንደታሰረ አውቀህ ነበር።»

«ገና ከመጀመሪያው ቀን።»

«መሰለችም?»

«ከእሷ ምን ይደበቃል?»

«ለምን አልነገርከኝም? በጌታ ስም! ሁለት ወር ሙሉ የጥጃ መሳቂያ ሆኜ!»

«መቀመጫውን ሁለት ጊዜ ነገርኩህ። ሁለቱንም ጊዜ የጉብሬን ወፍጮ ጠራህልኝ። ስለ ብረት አናጢ አትሰማም፣ አንተን አላውቅህም እንዴ? ፕሮፔለሩን ባዞርልህ ትነሳለህ፤ ከተነሳህ ሞተሩ ጥሎህ ይሄዳል። ዞሮ እስከቆየ ድረስ ግን የትም አትሄድም። እኔ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።»

«በሽማግሌ ፊት ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ቆምክ! ደንበኞችህ ፊት አዋረድኩህ!»

«ለቅሶህ ላይ ከምቆም ይሻለኛል» አለኝ።

ዓይኔ ውስጥ ሰጋቱራ ገባ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሰይዶ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ምንም አልላገም።

ቤት ስደርስ መሰለችን «አንቺም!» አልኳት። «እኔ ያደረግሁት ተመስገን ማለት ብቻ ነው» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የምትረታኝ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3 ቀን 2018

ሽማግሌዎቹን ራሴ ሰበሰብኳቸው። ሰይዶ «ተወው፣ አልፏል» ብሎ ለመነኝ፤ አልሰማሁትም። ሰይዶ በቆመበት ቦታ ቆምኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፕሮፔለሩን ያዞርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ብረቱን የበየድኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ንጹሕ ሰው በሐሰት ከስሼ እንዳዋረድኩ። 

ጋሼ ደምሴ «እኔ በዚህ ዛፍ ሥር ስንት ዘመን ዳኝቻለሁ፤ ተከሳሽ ያላጠፋውን አምኖ፣ ከሳሽ ደግሞ ተሳስቼ ረታሁ ብሎ አቤት ሲል አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሰይዶ አዙረው ተቆጡ፤ «አንተ ደግሞ ሽማግሌ ትዋሻለህ!»

«አልማልኩም እኮ» አለ ሰይዶ።

ሳቁ። ፍርዱ እንዲህ ነው፦ እኔ ሰይዶ ሱቅ ሄጄ በደንበኞች ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰይዶ ደግሞ በውሸቱ ካሳ መቀመጫውን ከእኔ ጋር ሆኖ ይሠራል። ቀን ጨምሩልን አልኳቸው። «ቀኑማ ቀን ነው» አሉኝ።

ሰኞ፣ መስከረም 5

አልጋ የምታሠራዋን ሴት ጠብቄ በእሷ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። «አንተ ያ የጮህከው ሰውዬ ነህ?» አለችኝ። ነኝ አልኩ። አልጋውን አዘዘች።

ረቡዕ፣ መስከረም 7

ሦስት ቀን ሌት ተቀን። ሰይዶ በጠመኔ መሬት ላይ ይሥላል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እበይዳለሁ። ያመጣው ሐሳብ ከብረት አይደለም፣ ከጎጆ ነው። ከመሃል ምሰሶው ወደ ጣራው ዙሪያውን ሰያፍ እየሆኑ የሚዘረጉ ድጋፎች አሉ አይደል? እንደዚያው ከሞተሩ አራት ማዕዘን አራት ቱቦ ወደ ኋላ፣ ወደ አውሮፕላኑ አካል እየሰፉ ይሄዳሉ። ሞተሩ ወደ ፊት ሲጎትት አካሉን በሙሉ ይዞ ይጎትታል። ጎማውንም ቀየርነው፤ ሞተሩ ተንጠልጥሎ እንዳይነቀነቅ ከሁለቱም በኩል ብሎኑን የሚያቅፍ ወፍራም ጎማ።

እሱ ሳያዘኝ አንድ ነጥብ አልበየድኩም። ሁለት ጊዜ አስፈረሰኝ። «ይሄ ተጣሟል» ይላል በዓይኑ ብቻ አይቶ፣ ስለካው ተጣሟል። ያናድዳል።

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ሚዛን። መቶ ሃምሳ ስምንት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይዞ ቆየ። ሰይዶ አራቱንም ቱቦ እጁን እየጫነ ተከታተለ። «እንግዲህ ሰበብ የለኝም» አለ ቀስ ብሎ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ነፋስ ሳይነሳ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ቀድመው የገቡ ሰዎች ጭምር ቆመው ነበር። መሰለች ቀበቶዬን ራሷ አሰረችልኝ። አስራ ፈታች፣ ደግሞ አሰረች። ዛሬ ምንም አልቀለደችም።

ከመንኮራኩሩ ሥር የገባውን ድንጋይ የሚያወጣው ሰይዶ ነው። ሞተሩ እየሠራ ወደ እኔ አየ። አቁም ቢለኝ አቆም ነበር፤ እውነቴን ነው። አላለም። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ሳበ።

ጀርባዬ ከትራሱ ጋር ተጣበቀ። ጉብታዋ ጋ ሳልደርስ መንቀጥቀጡ ቆመ፣ ጉብታዋም ከሥሬ አለፈች። መንኮራኩሩ ምንም አይነካም። ከግራ የእንሰቱ ቅጠል አናት ታየኝ፣ ከላይ ወደ ታች። ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ ለማንም አልናገርም። ከዚያ ነዳጁን ቀስ ብዬ ቀነስኩ፣ ጀፎረው ሳያልቅ መሬት ነካሁ፣ ሁለት ጊዜ ነጠርኩ፣ ቆምኩ።

እልልታው! መሰለች «አላለቀስኩም» እያለች፣ እያለቀሰች አቀፈችኝ። ጋሼ ደምሴ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «አውሮፕላን ነው! እኔ ምስክር ነኝ፣ አውሮፕላን ነው!» ይላሉ። አንዱ «የጎጆ ቁመት ያህል ከፍ ብሏል» ይላል፣ ሌላው «ያንተን ጎጆ ነው፣ ያን አጭሩን» ይለዋል።

ሰይዶ የለም።

ድንጋዩን ከሳበበት ቦታ ጀምሬ ፈለግሁት። ከእንሰቱ ኋላ አገኘሁት፤ ጀርባውን ለጀፎረው ሰጥቶ፣ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ድምፄን ሲሰማ እንኳ ቶሎ አልዞረም።

«ወረድክ?» አለኝ።

«ወርጃለሁ።»

«በሙሉ?»

«በሙሉ። ምን ያህል ከፍ እንዳልኩ አየህ?»

«ምን አውቄ። የሞተሩ ድምፅ ሲቀየር እዚህ ገባሁ።»

አራት ወር የጠረበው እሱ፣ ሁለት ወር ተሸማቆ የከረመው እሱ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ ያላየኝ እሱ ብቻ! እጁን ያዝኩት። «ጋሼ ደምሴን ልለምናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንተ እንድታየኝ» አልኩት።

ዓይኑን ከፍቶ አየኝ፤ ጫማዬን፣ ጉልበቴን፣ ፊቴን።

«አየሁህ እኮ» አለ። «ይኸው ቆመሃል።»